ገበቴው ሲዘምር

ገበቴ ሲባል በመጀመሪያ ወደ ልብ የሚመጣው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የተሠራው ሰፊ የእንጨት ዕቃ ነው። ዱቄት ይለወስበታል፣ እህል ይቀመጥበታል። በገና ደርዳሪ ግን ገበቴ ሲል የመሣሪያውን ሆድ ማለቱ ነው፤ ከታች ያለውን፣ ቆዳ የተወጠረበትን ባዶ ሣጥን። ከሣጥኑ ተነሥተው ወደ ላይ የቆሙት ሁለቱ እንጨቶች ምሰሶ ይባላሉ። በእነሱ ላይ የተጋደመው ቀንበር ነው። አውታሮቹ ቆዳው ላይ የሚሻገሩበት እንጨት ደግሞ በርኩማ ይባላል፤ ድሮ ሰው የተሠራ ፀጉሩ እንዳይበላሽበት አንገቱን አሳርፎ የሚተኛበት የእንጨት ትራስ ስም ነው። እርሻው፣ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱና መኝታው ስማቸውን አዋጥተው አንድ የዜማ መሣሪያ ሰይመዋል።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ገበቴ ነው። ወደ እሱ ለመድረስ ግን ከሩቅ አገር ሳህን መጀመር ይሻላል።

በኔፓልና በሂማላያ ተራሮች ዙሪያ ከነሐስ የሚቀጠቀጥ ጎድጓዳ ሳህን አለ። በእንጨት ዘንግ ጠርዙን ቀስ ብለው ሲዞሩት ያዜማል፤ መጀመሪያ የማይሰማ ያህል ስስ፣ ከዚያ እየወፈረ፣ መጨረሻ ላይ ክፍሉን የሚሞላ ድምፅ። ፈረንጆቹ «ዘማሪ ሳህን» የሚል ስም አውጥተውለት ዛሬ በዓለም ዙሪያ በዮጋ ቤቶችና በተመስጦ ማዕከሎች ይገኛል። በምዕራቡ ዓለም እንዲታወቅ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ሄንሪ ዎልፍና ናንሲ ሄኒንግስ የተባሉ ሁለት ሙዚቀኞች እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጡት «ቲቤታን ቤልስ» የተሰኘ ሸክላ ነው። በዚያው ዓመት ሲንቲያ ቴ ኪምበርሊን የተባለች የሙዚቃ አጥኚ አዲስ አበባ ላይ ዓለሙ አጋ የተባለ ወጣት በገና ሲደረድር ለዩኔስኮ የሙዚቃ ስብስብ ቀርጻለች። ሁለቱ ቅጂዎች አይተዋወቁም። የሚያቀርቡት ነገር ግን ቅርብ ዝምድና አለው፤ ሰውን ወደ ጭፈራ የማይጠራ፣ ወደ ውስጥ የሚመልስ ድምፅ።

የሳህኑ ምሥጢር ከሚባለው በላይ ቀላልም ረቂቅም ነው። ሻጮች ብዙ ጊዜ ከሰባት ማዕድናት ተቀላቅሎ የተሠራ ነው ይላሉ። ጥሩው ሳህን ግን በመሠረቱ የደወል ነሐስ ነው፤ ከአምስት እጅ አራቱ መዳብ፣ አንዱ ቆርቆሮ የሆነ ቅይጥ። ዘንጉ ጠርዙ ላይ ሲሄድ በአንድ ወጥ አይንሸራተትም፤ ይይዛል፣ ይለቃል፣ መልሶ ይይዛል። የማሲንቆ ጭራ አውታሩን የሚያናግረው በዚሁ መንገድ ነው። ከዚህ የተነሣ ክቡ የሳህን አፍ በዓይን በማይታይ መጠን አንዴ በአንድ በኩል ሞላላ ይሆናል፣ ወዲያው ደግሞ በሌላው በኩል። ሳህኑ ውኃ ቢሞላበት ንዝረቱ ጎልቶ ይታያል፤ በአራት ቦታ ውኃው ይንቀጠቀጣል፣ በመካከላቸው ባሉት አራት ቦታዎች ረጋ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዴኒስ ተርዋኝና ጆን ቡሽ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን ሲያጠኑ የውኃ ጠብታዎች ከላዩ እየዘለሉ፣ ወዲያው ሳይቀላቀሉ በውኃው ገጽ ላይ ሲንከባለሉ መዝግበዋል።

ለዚህ ምዕራፍ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው። በእጅ የተቀጠቀጠ ሳህን ፍጹም ክብ አይደለም፤ አንዱ ጎኑ በጥቂቱ ይሳሳል፣ ሌላው ይወፍራል። በዚህ ምክንያት አንድ ድምፅ በማውጣት ፈንታ በጣም የተቀራረቡ ሁለት ድምፆች ያወጣል። ሁለቱ አንዴ ሲደጋገፉ፣ አንዴ ሲጠፋፉ ጆሮ «ዎው… ዎው… ዎው» የሚል ቀስ ያለ ሞገድ ይሰማል። በማሽን የተጠረበ የናስ ሳህን ንጹሕ ነው፤ ያን ሞገድ ግን እምብዛም አያወጣም። ሳህን መምረጥ የሚያውቁ ሰዎች ጌጡን አያዩም፤ መታ አድርገው ድምፁ እስኪሞት ይጠብቃሉ፣ ሞገዱን ይቆጥራሉ፣ ከዚያ በዘንግ ዞረው ቶሎ የሚያጉረመርም ወይም የሚንጫጫ ከሆነ መልሰው ያስቀምጡታል። ውድ የሆነው ነገር የእጁ ጉድለት ያመጣው ነው።

ሳህኑ ያረጋጋል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 62 ሰዎች ሳህኑን ካዳመጡ በኋላ ውጥረታቸውና ድካማቸው እንደቀነሰ ተናግረዋል ይላል። ሳህኑን ያልሰማ ሌላ ቡድን ግን በጥናቱ አልነበረም፤ ስለዚህ ያረጋጋቸው ሳህኑ ይሁን፣ ተጋድሞ ዝም ማለቱ ይሁን መለየት አይቻልም። ለሻጭ ይህ ልዩነት ትንሽ ነው። ለሚገዛ ሰው ግን ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ምናልባት ድምፁ የሚጠቅመው ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲቀመጥ ምክንያት ስለሚሰጠው ይሆናል። በገና ይህን ከጥንት ጀምሮ ሲያደርግ ኖሯል።

እኛም ጋ ቢሆን በምት የሚያዜም ነገር ሞልቷል። በጣና ደሴቶች ገዳማትና በሌሎችም የሰሜን ገዳማት ከዛፍ ወይም ከእንጨት መስቀያ ላይ የተንጠለጠሉ የድንጋይ ደወሎች አሉ። ጠፍጣፋና ረዘም ያሉ ጥቁር ድንጋዮች ናቸው፤ በትንሽ ድንጋይ ሲመቷቸው ብረት ይመስል ይጮኻሉ። ማንኛውም ድንጋይ እንዲህ አይጮኽም። አንድ ሰው በአንድ ወቅት ድንጋይ በድንጋይ እየመታ፣ እየሰማ፣ እየጣለ፣ ደግሞ እያነሣ መርጧቸዋል። ጥርት ብሎ የሚጮኸውን ደወል መረዋ እንለዋለን፤ ድምፁ ያማረን ሰውም እንደዚሁ። ደወል ግን ሰውን ወደ ደጀ ሰላም ይጠራል እንጂ ከሰው ጋር አይቀመጥም። ከሰው ጋር የሚቀመጠው በገናው ነው።

በገና 10 አውታር አለው፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። የበገናን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው አንዳንዴ መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል። አውታሩ «ድም» ብሎ አይቆምም፤ «ዝዝዝዝ» እያለ ይቆያል፣ ንብ ቀፎ ውስጥ እንደምታወጣው፣ ከደረት ሥር እንደሚመጣ እንጉርጉሮ። ይህን የምታደርገው እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ናት። እያንዳንዱ አውታር በበርኩማው ላይ ሲያልፍ ሥሩ አንድ አንድ እንዝራ ይገባል። ቆዳዋ አውታሩን ከበርኩማው ጠፍጣፋ ፊት በፀጉር ስፋት ያህል ታነሣዋለች። አውታሩ ሲንቀጠቀጥ እንጨቱን ነካ፣ ለቀቅ፣ ነካ፣ ለቀቅ ያደርጋል። በነካ ቁጥር ወፍራሙ ድምፅ ወደ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይበተናል፤ ጆሮ ከአንድ አውታር ላይ አንድ ሙሉ ማኅበር ይሰማል። እንዝራዋ ከተነሣች ያው አውታር ደነዝ ያለ፣ ወዲያው የሚጠፋ ድምፅ ብቻ ይቀረዋል።

ሕንዶች ታንፑራ የሚሉት መሣሪያም በዚህ ዘዴ ይሠራል፤ በቆዳ ፈንታ በአውታሩ ሥር ቀጭን ክር ያስገባሉ። የሁለት ሩቅ አገር ሰዎች ለአርምሞ የሚሆን ድምፅ ሲፈልጉ ሁለቱም ንጹሑን ድምፅ ትተው የሚንዘረዘረውን መርጠዋል። ንጹሕ ድምፅ ቶሎ ይታወቃል፤ ጆሮ ለይቶት ያልፋል። የሚንዘረዘር ድምፅ ግን ውስጡ ያለማቋረጥ ስለሚለዋወጥ ጆሮ ሊጨርሰው አይችልም፣ አብሮት ይቀመጣል። የሂማላያው ሳህን በሞገዱ የሚያደርገውን በገናው በእንዝራው ያደርገዋል።

ባህላችን በገናን ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከኢየሩሳሌም የመጣ የዳዊት መሣሪያ ይለዋል። በገና ደርዳሪው ዳዊት የሳኦልን የታወከ መንፈስ ሲያሳርፍ የሚያሳየው ታሪክ በመጽሐፈ ሳሙኤል አለ፤ ዐሥር አውታር ያለው በገናም በመዝሙረ ዳዊት ተጠቅሷል። ዐሥሩን አውታር የዐሥርቱ ትእዛዛት ምሳሌ አድርገው የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው። በብራና ሥዕሎቻችን ላይ ዳዊት በገና ይዞ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታያል። በገና የመቅደስ መሣሪያ አይደለም፤ ማሕሌት የሚቆመው በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ነው። በገና የቤት ነው። መኳንንቱና ወይዛዝርቱ፣ ካህናቱም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት እልፍኝ ውስጥ ተቀምጠው ደርድረውታል፤ ግጥሙ ስለ ሞት፣ ስለ ዓለም ከንቱነት፣ ስለ እመቤታችንና ስለ ቅዱሳን ነው። ደርዳሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያዜማል፤ ከበገናው በላይ መጮኽ አይገባውም።

መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለዱት እንጦጦ ነው፤ ወደ ሱሉልታ የሚያሻግረው ተራራ ላይ። በ12 ዓመታቸው ታላቁ የበገና መምህር አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ጎረቤት ሆነው መጡ። ልጁ የአለቃን በገና እየተሸከመ፣ እየሰማ ተማረ። በኋላ በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ አጠኑ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም በገና አስተማሩ። ከአብዮቱ በኋላ ግን ሃይማኖት የሚሸት ነገር ሁሉ ሲገፋ የበገና ድምፅ ከሬዲዮ ራቀ፣ የበገና ትምህርቱም ተቋረጠ። መምህሩ እ.ኤ.አ. በ1980 ማስተማሩን ትተው ፒያሳ ላይ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ከፈቱ። ኋላ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 11ኛው ቅጽ የእሳቸው ሆኖ በገናን ለዓለም አሰማ። ያ ዘመን አንድ መሣሪያ በአንድ ትውልድ ውስጥ ሊጠፋ ምን ያህል እንደሚቀርብ ያሳየ ነው። ዛሬ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ በገና የሚማሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ከደርዳሪዎቹም መካከል እንደ ሶስና ገብረ ኢየሱስ ያሉ ሴቶች ድምፃቸው ከአገር ውጭ ታትሞ ይሰማል።

ከአዲስ አበባ በጂማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ እንጦጦን አልፎ ወደ ሱሉልታ የሚሄድ ሰው የበገናን ጥሬ ዕቃ በመስኮት እያየ ነው የሚያልፈው። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል፤ ፋብሪካውና የኪራይ ቤቱ ሜዳውን እየበላው ቢሆንም ተራራውና ከብቱ አሁንም አሉ።

ከሰበታ በላይ ወጨጫ ቆሟል። ከጀርባው የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ ትልልቅ ጽዶች፣ ዝግባና ኮሶ የሞሉበት፣ ታሪኩ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር የሚያያዝ ደን። ንጉሡ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። እነዚህን አገር በቀል ዛፎች ከመንግሥት ደን መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ መከልከሉም ተገቢ ነው። ለበገና የሚያስፈልገው እንጨት ብዙ አይደለም። ዋንዛ ቀላልና ለመፈልፈል የሚመች ስለሆነ ለገበቴ ይወደዳል፤ ጽድም ይሠራል። ለምሰሶና ለቀንበር ጠንካራ፣ የማይጎብጥ እንጨት ይፈለጋል። ከሁሉ በላይ ግን እንጨቱ መድረቅ አለበት። እርጥብ እንጨት ዛሬ ያምራል፤ በበጋው ይሰነጠቃል፣ ምሰሶው ይጣመማል፣ ምሰሶው ሲጣመም 10ሩም አውታር በአንዴ ቅኝቱን ያጣል።

ሱሉልታ ሌላ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር የሚጠጋው ሜዳ ለሯጮች ልምምድ ዝነኛ ነው፤ የሣር፣ የወተትና የከብት አገርም ነው። በገና ከከብት ሁለት ነገር ይወስዳል። ገበቴው ላይ የሚወጠረው የበሬ ወይም የላም ቆዳ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ይወጠርና ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይጠብቃል። አውታሩ ደግሞ ከበግ አንጀት ይሠራል። አንጀቱ ይታጠባል፣ ሥጋና ስቡ ይፋቃል፣ ብዙው አንድ ላይ ይገመዳል፣ ተወጥሮ ይደርቃል። ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው አውታር ብዙ አንጀት ይፈልጋል። ለፋሲካ በየቤቱ ከሚታረደው በግ አንጀት ስንቱ ለአውታር በሆነ ብሎ የሚያስብ ሰው የበገና ሰው ሆኗል ማለት ነው።

ቡራዩ ላይ ጥያቄው የጥሬ ዕቃ አይደለም፤ የቦታ ነው። ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የገፋው ሰው ሁሉ እየሰፈረበት ባለ ከተማ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት ቅርብ ነው። ክራርና ከበሮ እዚያ ጠብ ያመጣሉ። በገና አያመጣም። ወፍራም ይሁን እንጂ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው የተሠራ። በዐደባባይ ያለ ማይክ አይሰማም። ይህ ጉድለት አይደለም፣ የተሠራበት ልክ ነው።

እንግዲህ በገና መግዛት የፈለገ ሰው ምን ይመልከት?

መጀመሪያ ጌጡን ይርሳው። በየንዋየ ቅድሳት ሱቁ የሚታዩ፣ መስቀልና ሐረግ የተቀረጸባቸው፣ ቫርኒሽ የጠገቡ በገናዎች ለግድግዳ ያምራሉ። አንዳንዶቹ ከመጀመሪያውም ለግድግዳ የተሠሩ ናቸው፤ ገበቴያቸው ወፍራም፣ ቆዳቸው የላላ፣ በርኩማቸው ቀጭን። ገዢው በጣቱ ጫፍ ቆዳውን መታ ያድርግ። ቆዳው «ጥፍ» ካለ ሞቷል፤ «ድው» ብሎ ከገበቴው ውስጥ መልስ ከመጣ ሕያው ነው። ከዚያ አንድ ወፍራም አውታር መትቶ እጁን ገበቴው ላይ ያሳርፍ። ጥሩ በገና በእጅ መዳፍ ይሰማል፤ ሲደረደርም ከጉልበትና ከደረት ጋር ስለሚነካካ ደርዳሪው ከአድማጩ በፊት በአካሉ ይሰማዋል።

በርኩማው ሰፊና ፊቱ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ቀጭን ከሆነ አውታሩ የሚነካው ወለል ስለማያገኝ እንዝራ ቢገባም አይንዘረዘርም። ብዙ ጀማሪ መሣሪያው «ዝም አለብኝ» ብሎ የሚያማርረው በዚህ ነው። መቃኛዎቹ ቀንበሩ ላይ ጠበቅ ብለው መያዝ አለባቸው፤ ገዢው ሁሉንም አጥብቆ ሻይ እስኪጠጣ ይተወው፣ ሲመለስ የላላው ራሱን ያጋልጣል።

አውታሩ ከአንጀት ይሁን ከናይለን በሚለው ላይ ደርዳሪዎች ይከራከራሉ። ናይለን ርካሽ ነው፣ ቶሎ አይበጠስም፣ ዝናብ ቢመጣ ቅኝቱን አይለቅም። አንጀት ግን ሸካራ ነው፤ በርኩማውን የሚነካበት መንገድ በየምቱ ይለያያል፣ ዝዝታውም እንደ ሰው ትንፋሽ ይሞቃል። ለመማሪያ ናይለን ይበቃል። ዐቢይ ጾምን ከበገና ጋር ለማሳለፍ ለሚያስብ ሰው ግን ቢያንስ ወፍራሞቹ አውታሮች ከአንጀት ቢሆኑ ልፋቱ ይካሳል። ገዢው ብቻውን ባይሄድ ይመረጣል፤ የሚያስተምሩትን መምህር «የኔታ፣ እስቲ ይስሙልኝ» ብሎ ይዞ መሄድ ከማንኛውም ምክር ይበልጣል።

ሲደረድሩት ተቀምጦ ነው። በገናው ቀጥ ብሎ በግራ በኩል ይቆማል፤ የግራ እጅ ጣቶች አውታሮቹን ይመታሉ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በጣት ሲደረደር 10ሩም አውታር አይመታም፤ ድምፅ የሚያወጡት ወደ 6 ገደማ ናቸው። የቀሩት የጣት ማረፊያ ናቸው። ጣት አንዱን አውታር መትቶ ከጎኑ ያለው ዝምተኛ አውታር ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ተነሥቶ ደግሞ ይመታል። ጀማሪ ተማሪ ዝምተኞቹን አውታሮች ከንቱ ይላቸዋል፤ ጥቂት ሳምንት ከተቀመጠ በኋላ ግን የእጁ ሚዛን ያለው በእነሱ ላይ መሆኑ ይገባዋል። 10ሩንም የሚያናግር ሌላ ስልት አለ፤ እሱ ድሕንጻ በምትባል ከቀንድ ወይም ከእንጨት በምትሠራ መምቻ ነው። ለጽሞና ለሚቀመጥ ሰው ጣቱ ይበቃዋል።

ከመደርደር በፊት መቃኘት አለ፤ ብዙ ሰው የሚሰለቸውም በዚህ ነው። ቅኝቱ ብዙ ጊዜ ትዝታ ወይም አንቺ ሆዬ ነው። አውታሮቹ በመቃኛ ይስተካከላሉ፤ ከዚያ ደግሞ እንዝራዎቹ ይጀምራሉ። አንዱን እንዝራ በጥቂቱ ወደ ፊት ሲገፉት ዝዝታው ይደርቃል፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ይጠፋል፣ በመሃል አንድ ጠባብ ቦታ ላይ በድንገት ያብባል። ያን ቦታ ለእያንዳንዱ አውታር መፈለግ ነው። አንዱ ሲገኝ ሌላው ይሸሻል፤ ያልለመደ ሰው ግማሽ ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። ተመስጦ የሚጀምረው በገናው ከተቃኘ በኋላ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ግማሽ ሰዓት እንደ ኪሳራ ይቆጥረዋል። ነገር ግን ጆሮውን በአንዲት ቁራጭ ቆዳ ላይ አድርጎ፣ ስልኩን ረስቶ፣ ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅ ሰው ሌላ ምን እያደረገ ነው? በሂማላያው ሳህን ዘንጉን ቀስ ብለው እንዲያዞሩ የሚመከረው ለዚሁ ነው፤ ቸኩሎ የዞረ ሰው ጩኸት እንጂ ዜማ አያገኝም።

ግጥም የማያውቅ፣ ወይም ሃይማኖቱ ሌላ የሆነ ሰው በበገና መቀመጥ ይችላል? ሦስቱ ከተሞች ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ፕሮቴስታንቱ በአንድ ግቢ የሚኖርባቸው ናቸው። በገናን ከግጥሙና ከጾሙ ነጥሎ እንደ ማረጋጊያ ዕቃ ብቻ መውሰድ ከቤቱ አውጥቶ መሸጥ ይሆናል፤ የሂማላያው ሳህን «የቲቤት» እየተባለ ሲሸጥ የቲቤት ሰዎች ስም ለገበያ ማስታወቂያ የዋለው እንዲሁ ሆኖ ነው። ይሁንና ለማዳመጥ ማንም አልተከለከለም። ላልተማረ ሰው የሚቻለው ቀላል ልምምድ አለ፤ አንዱን ወፍራም አውታር መትቶ ዝዝታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ መጠበቅ፣ የጠፋ በመሰለው ጊዜ ደግሞ ጆሮን ወደ ገበቴው ማስጠጋት። ያኔ ገና አልጠፋም።

ጥበቃው ትንሽ ነገር ቢመስልም ብዙ በገና የሚሞተው በእሱ ጉድለት ነው። አንጀትና ቆዳ ያው ሥጋ ናቸው፤ አይጥ ትወዳቸዋለች፣ ብልም ይበላቸዋል። በገና መሬት ላይ ተጋድሞ ከማደር ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቢያድር ይሻላል፤ ከምድጃ ርቆ፣ ፀሐይ በቀጥታ ከማትመታው ቦታ። ከሰበታ ወደ አዲስ አበባ በሚኒባስ ሲወሰድ ቀንበሩ እንዳይጋጭ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእቅፍ ነው የሚሄደው፤ ሹፌሩ የሁለት ሰው ሂሳብ ቢጠይቅ አይገርምም።

ክረምት ሲመጣ ደግሞ የሱሉልታ ሜዳ ውኃ ይቋጥራል፣ ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይነሣም። በዚያ ወራት በገናው ራሱ ሌላ ይሆናል። ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፣ የአንጀት አውታሩ ያብጣል፣ ትናንት ማታ የተቃኘው ዛሬ ጠዋት አይታወቅም። አንዳንዱ ደርዳሪ መቃኛውን አላልቶ እስከ መስከረም ይተወዋል። ሌላው ደግሞ በየማለዳው ከግድግዳ አውርዶ ቆዳውን በጣቱ መታ ያደርጋል፤ «ጥፍ» ካለ መልሶ ይሰቅለዋል፣ ደመናው ገለጥ ብሎ ፀሐይ ደጃፉን ያሞቀች ቀን ግን ወንበሩን አውጥቶ ከእንዝራው ይጀምራል።